ካፒቴን የበረሩ ዕለት

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጠረጴዛ ለምግብ አያገለግልም» ሲል አማችየው ቆሞ አስታወቀ። መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ እንጀራውን ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ነውና ሲቆም ነገሩ ከባድ እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ጠረጴዛው ላይ የጦርነቱ ዘመን በትንሹ ሊሠራ ነው። ትንሽ ሜዳ፣ ትንሽ መንደርደሪያ፣ መሐሉ ላይ አንዲት የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ውስጧ ደግሞ የሚስቱ አባት፣ ካፒቴን። ለልደታቸው የታሰበ ስጦታ ነው፤ መስተዋት ተገጥሞለት ሳሎን ይቀመጣል። የትኛዋ አውሮፕላን እንደሆነች ግን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ካፒቴን ራሳቸው ይምረጡ ተባለ። አሁኑኑ ካፒቴን ከነሚስታቸው፣ ልጃቸው ከነባሏ፣ ትንንሽ አውሮፕላን ወደሚሸጥበት ሱቅ ይሄዳሉ።

ካፒቴን ሊጎርሱት ያነሱትን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት።

ካፒቴንነቱ የመጣው ከአንዲት ቃል ነበር። ሚስት ሊጠይቁ የሄዱ ዕለት የልጅቱ አባት፣ «ጦርነቱ ላይ ምን ሠራህ?» ቢሏቸው፣ እውነቱን ተናገሩ፤ «አውሮፕላኖቹ ሲመጡ በረርኩ» አሉ። የጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ድንች ላጭ ነበሩ። ቢላዋውንም ጓደኞቻቸውንም ጥለው እግሬ አውጪኝ ማለታቸው ነው። የልጅቱ አባት ግን የመሰላቸው ሌላ ነው። «አብራሪ ነዋ» ብለው ብርጭቆ አነሱ። ጎረቤት ሰማ፣ ሰፈር አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ካፒቴን ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብለው አያውቁም፤ ዝም ባሉ ቁጥርም ጀግንነታቸው እየጨመረ ሄደ። ልጃቸው በምትሠራበት መድኃኒት ቤት፣ አባቷ ማን እንደሆነ የማያውቅ በሽተኛ የለም። ይህች ልጅ እውነቱን ብታውቅ በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች? መኪናው ውስጥ ይህን እያሰቡ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ።

የሱቁ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። በየካርቶኑ ላይ አንዲት አውሮፕላን አፍንጫዋን ወደ ተመልካቹ አዙራ ትተኩሳለች። ካፒቴን ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

ማጉያ መነጽር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ባለሱቅ በአክብሮት ተቀበለቻቸው። «የእርስዎ ባለ አንድ ሞተር ነበረች ወይስ ባለ ሁለት፣ አባቴ?»

«እንደ ቀኑ ነው» አሉ ካፒቴን።

«ሁለቱንም ማለታቸው ነው» ብሎ አማችየው በኩራት አብራራላት።

ባለሱቋ ካርቶን ከፈተች። ገና ከፕላስቲክ ማቀፊያቸው ያልተቆረጡ ተገጣጣሚ ግራጫ ክንፎች፣ ጎማዎች፣ የጥፍር ታህል መቀመጫ። እሷ ሁሉን ነገር በልኩ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ አብራሪው ፊት ለፊት ምን ምን እንደነበር ይንገሩኝ አለች። ካፒቴን ተሠርታ ያለቀች ናሙና ከባንኮኒው ላይ አንስተው ገለበጧትና ሆዷን አዩ። ሆዷን ያውቁታል። ከዚህ ሌላ የአውሮፕላን አካል አይተው አያውቁም።

«አባዬ፣ የጠየቀችህ እኮ ውስጡን ነው» አለች ልጃቸው ቀስ ብላ።

«ውስጡ ጨለማ ነበር።»

አማችየው ሊያግዛቸው ፈለገ። ጣሪያው ላይ በገመድ የተሰቀለችውን ትልቋን እንድታወርድላቸው ባለሱቋን ለመናት። ገመዱን ስትለቀው አውሮፕላኗ በካፒቴን አናት ላይ ተንሸራታ መጣች። ጥላዋ ፊታቸውን አለፈ።

ጉልበቴን ብለው ደረጃ የማይወጡት ሰው ሚስታቸውን በክንዳቸው ጠቅልለው ከባንኮኒው ሥር ገቡ። የሚስታቸውን አናት በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁን ጠበቁ።

ሳቅ አልመጣም።

«አይዞህ» አሉ ሚስታቸው ከመዳፉ ሥር። «እኔኮ ያን ዕለት በሩ ጋ ቆሜ ስሰማህ ነበር። ያልገባው ለአባባ ነው።»

«ገብቶሽ ነው ያገባሽኝ?»

«መሮጥ የሚያውቅ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል ብዬ።»

ከላይ የልጃቸው ድምፅ ተሰማ። መድኃኒት ስትሰጥ እንደምትናገረው ዝግ ብላ ነው። «ትንንሾቹ ሰዎች ለብቻቸው ይሸጣሉ? የሚሮጡ ካሏችሁ።»

ባለሱቋ መሳቢያ ሳበች። አማችየው አብራሪው ያለበትን ካርቶን ዘግቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ከዚያ ብዙ ትንንሽ ሰዎች የባንኮኒው መስተዋት ላይ ሲፈሱ ተሰማ። ልጃቸው አንድ በአንድ እያነሳች፣ ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ይሄኛው ጠመንጃ ይዟል ትላለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ግን፣ ይሄኛው ባዶ እጁን ይሮጣል፣ ባርኔጣ ብቻ አድርጓል አለች።

ካፒቴን ዓይናቸውን ገለጡ።

«ባርኔጣውን ቁረጡለት» አሉ ከባንኮኒው ሥር። «መንገድ ላይ ወድቆበታል።»