የኮርዊን ቺካጎ

ሃርላን ዴትዋይለር ለሬዲዮ የተፈጠረ ድምፅ ነበረው፤ ዕድሜውን የፈጀው ግን በብረት ፋብሪካ ጫጫታ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ከዋልን በኋላ ያን ድምፅ የምንሰማው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር። በእኛ በኩል ያለው ፔንሲልቬንያ በረዷማው ክረምት አያልቅም፤ በክረምት ደግሞ ቤዝቦል የለም። ስለዚህ የራሳችንን ሊግ አቋቋምን። በየዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን ቡድኖች በኮምፒውተር እየቀሰቀስን እርስ በርስ እናጋጥማቸዋለን። እኔ የ1927ቱን ኒውዮርክ ያዝኩ። ሌስተር ፕሩት የ1975ቱን ሲንሲናቲ ወሰደ። ሃርላን አገሬን አልከዳም ብሎ የ1960ውን ፒትስበርግ መረጠ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ተጫዋች በዘመኑ የሠራውን ያውቃል፤ የቀረውን ለዕድል ይተወዋል። ሃርላን በሳምንቱ መካከል ቤቱ ሆኖ ያጫውታቸውና ቅዳሜ ሲመጣ፣ ሜዳው ዳር ተቀምጦ ያየው ይመስል ይተርክልናል። ውጤቱን ቀድሞ እያወቀ እኛን ግን እስከ መጨረሻዋ ኳስ ያንጠለጥለናል።

የሃርላንና የሚስቱ የማክሲን አንድ ልጅ ኮርዊንም ቡድን ነበረው። የ1906ቱ ቺካጎ ነው። ያ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሲረታ ከርሞ፣ በመጨረሻው ፍልሚያ በዚያው ከተማ በሚገኝ ሌላ ቡድን የተሸነፈ ነው። ሌስተር ሁልጊዜ ይነካካው ነበር።

«ያንተ ሰዎች ኳስ ሊይዙ እጃቸው ላይ ያጠለቁት ጓንት ነው ካልሲ?» ይለዋል።

ኮርዊን ይስቃል። «ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈ ሰው በአንድ ሳምንት ሽንፈት ሲጠራ መኖር የለበትም፣ ሚስተር ፕሩት። አንድ ዕድል ይገባቸዋል።»

ቺካጎ ግን በእኛ ሊግ ዕድል አልቀናውም። በዚያ ዘመን ኳስ ከአጥር የሚያሻግር መቺ እምብዛም አልነበረም፤ የእኔ ኒውዮርኮች ደግሞ ሥራቸው ማሻገር ነው። ኮርዊን ተሸንፎ ተነስቶ እጃችንን እየጨበጠ፣ ከማክሲን የፖም ኬክ ትልቁን ቁራጭ ያነሳና ይሄዳል።

ኮርዊን ጣሪያ ሠሪ ነበር። አንድ በጋ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ። ሐኪም የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት፤ ሕመሙ ሲተወው ኪኒኑ አልተወው አለ። ከኪኒን ወደ ባሰ አደንዛዥ ዕፅ ወረደ። ማገገሚያ ገብቶ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። የአባቱን መሣሪያዎች ወስዶ ሸጠ። በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ከገበያ አዳራሹ በስተጀርባ፣ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ ሌስተር ዘንድሮ ሊጉ ይቅርብን አለ። ሃርላን አሻፈረኝ አለ። «ቺካጎን እኔ እይዝለታለሁ» አለን፤ ማንም አልተቃወመም።

በዚያ ክረምት ቺካጎ ማሸነፍ ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለን። ሲንሲናቲን ረታ፣ ፒትስበርግን ረታ፣ የእኔን ኒውዮርክ አፈር አስጋጠ። ሃርላን ሲተርክ ፊቱ ይበራል። አንድ ቅዳሜ ሌስተር፣ እንደ ልማዱ፣ «እነዚህ ሰዎች መቃብር ውስጥ ልምምድ ያደርጋሉ እንዴ?» አለና የተናገረው ነገር ገብቶት አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተሰማም።

በየካቲት ማክሲን ደውላ የምድር ቤቱ የውሃ ቧንቧ በረዶ ሠርቶ መዘጋቱን ነገረችኝና ላይላት ሄድኩ። እሷ ወጥ ቤት ሾርባ ታሞቅ ነበር፤ ሃርላን ታች ነው አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። የሚጫወቱት የእኔ ኒውዮርክና ቺካጎ ናቸው፤ መጨረሻው ዙር ላይ ደርሰዋል። ኒውዮርክ አሸነፈ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ፣ ሃርላን ጨዋታውን አጠፋውና እንደ አዲስ አስጀመረው። ኒውዮርክ እንደገና አሸነፈ። አሁንም አጠፋው። ቧንቧውንም የመጣሁበትንም ረስቼ ቆምኩ። እንዲህ እያለ ቺካጎ ሲያሸንፍ፣ ያንን አስቀመጠው።

«ሃርላን» አልኩት።

አልደነገጠም። ዞር እንኳ ሳይል «አየኸኝ?» አለ።

«አየሁ። ሁሌ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

«እስኪያሸንፍ ድረስ ነው።»

አልተናደድኩበትም። አጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና፣ አንዴ እንኳ ቢሸነፍ ምን አለበት፣ ኮርዊን እኮ ሽንፈት ያውቅበት ነበር አልኩት። ሃርላን ያን የሚያምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጥቶ ነበር» አለኝ።

«ማን?»

«ኮርዊን ነዋ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት። ማክሲን እህቷ ዘንድ ነበረች። የበሩን ቁልፍ ቀይሬው ነበር። አንኳኳ። ‹አባዬ፣ በርዶኛል፣ አንድ ዕድል ብቻ ስጠኝ› አለኝ። ከዚህ በፊትም ብሎኛል፤ ከፍቼለትም አውቃለሁ። ያን ቀን አልከፈትኩም። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩና ቁጭ አልኩ።»

ቀና ስል ማክሲን ደረጃው መሃል ላይ ቆማለች። ለሁለታችን ሾርባ ይዛ እየወረደች ነበር። ሰሃኖቹን ቀስ ብላ ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

«አልመጣም ነበር ያልከኝ» አለችው። «ደጋግሜ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«እኔን ጠየቀ?»

ሃርላን ሊዋሽ ይችል ነበር። ማንም የሚያውቅበት አልነበረም። እኔም በልቤ ዋሽ፣ ዛሬ እንኳ ዋሽ እያልኩት ነበር።

«አዎ» አላት። «‹እማዬ አለች?› አለ።»

ማክሲን ተመልሳ ወጣች። በማግስቱ ኢሪ ወዳለችው እህቷ ሄደች።

ቅዳሜ ሃርላን እንደ ወትሮው አዳራሹ መጣ፤ ኮምፒውተሩን ግን ተሸክሞት ነው የመጣው። ቆሞ፣ የቺካጎ ድል ሁሉ ውሸት መሆኑንና እንዴት እንዳደረገው ነገራቸው። ስለ በሩ አልተናገረም፤ ያ የሊጉ ጉዳይ አልነበረም። ከሁሉ አስቀድሞ የተናገረው ሌስተር ነው።

«ብትጠይቀን ኖሮ እንሸነፍልህ ነበር እኮ» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ሃርላን። «ለዚያ ነው ያልጠየቅኳችሁ።»

የክረምቱን ውጤት በሙሉ ሰርዘን ከመጀመሪያው ጀመርን። ከእንግዲህ ጨዋታው እዚያው አዳራሽ፣ ሁሉም እያየ ይሁን ተባለ። ቺካጎ ተሸነፈ፣ ደግሞ ተሸነፈ። ሃርላን አንዷንም ኳስ ሳይዘል ተረከው። ቤቱ ብቻውን የታሸገ ምግብ እያሞቀ እንደሚበላ እናውቅ ስለነበር ባለቤቴ በየጊዜው የሚበላ ትልክለት ነበር፤ ሰሃኖቹ ምግቡ ሳይነካ ይመለሳሉ።

ማክሲን በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ተመለሰች። ለባለቤቴ፣ ሌላ የምገባበት ቤት ስለሌለኝ እንጂ ይቅር ብዬው አይደለም አለቻት። ልብሷን ኮርዊን ክፍል አስገባች፤ እዚያው ታድር ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ልንጀምር ስንል አዳራሹ ገባች። ወንበር ስባ እኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቺካጎን አሁን የሚይዘው ማን ነው፣ ኦሪን?» አለችኝ።

ሃርላን ከለቀቀው ወዲህ ማንም እንደማይዘው ነገርኳት።

«እኔ ልያዘው።»

ስለ ቤዝቦል ብዙ አታውቅም ነበር። ኳስ የሚወረውረውን ሰው መምረጥ እንዳለባት ነገርኳትና ስሞቹን አነበብኩላት። አንዱን፣ ኮርዊን እራት ላይ ደጋግሞ ሲጠራው ሰምቻለሁ ብላ መረጠችው። ተጋጣሚዋ የባሏ ፒትስበርግ ነበር። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዙር አንገት ለአንገት ሄደ። የቺካጎ የመጨረሻ መቺ ስቶ ሲወጣ ሃርላን አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። እኛም አንገታችንን ደፋን።

«ተናገረው» አለችው ማክሲን። ከተመለሰች ወዲህ በእኛ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችው ያን ጊዜ ነው።

«ቺካጎ ተሸነፈ» አለ።

«እሺ» አለችና ካፖርቷን ለበሰች። የሚቀጥለው ጨዋታ ከማን ጋር እንደሆነ የጠየቀችው ግን እኔን ነው።

ሃርላን ልቡ እስከቆመበት በጋ ድረስ ሁለት ክረምት እንዲህ አሳለፉ። በአንድ መኪና ይመጣሉ፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። አዳራሹ ውስጥም ጎን ለጎን ሲቀመጡ አላየሁም። ቺካጎ አንዳንዴ፣ በእውነት፣ ሁላችንም እያየን ያሸንፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ሃርላን ውጤቱን እንደ ሌላው ጨዋታ ሁሉ ረጋ ብሎ ይናገራል፤ ማክሲን ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ሌስተርም የፖም ኬኩን ይቆርሳል።