ነፋሱ ቀድሞ የዞረ ዕለት

ቤተሰቡ በሙሉ «ደመና» ነው የሚላት። ልጅ ሳለች ምሳ ቀርቦ እየተጠራች፣ እሷ በመስኮት ሰማይ ሰማዩን እያየች ፈዝዛ ስለምትቀር ታላቅ እህቷ ያወጣችላት ስም ነው። አድጋ የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያ ስትሆን ደግሞ ስሙ ጭራሽ ተጣብቆባት ቀረ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ስክሪን ፊት ለፊቷ ደርድራ፣ ነገ ምን ዓይነት ቀን እንደሚሆን ለሰው ስትናገር ኖራለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቢሮ ስትገባ ብርሃኑ ሌላ ብርሃን ነበር። የሰደድ እሳቱ ጭስ ሰማዩን የሻይ ቀለም አልብሶታል። ጠረጴዛው፣ ወረቀቱ፣ የገዛ እጇ ሳይቀር አሮጌ ፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ይመስላል። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ዝም በሉ ያላቸው ግን ማንም የለም።

እሳቱ ከተነሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከደቡብ የሚነፍሰው ትኩስና ደረቅ ነፋስ እየገፋው፣ ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን እንደ ረጅም ምላስ ተዘርግቷል። በጫካው ጠርዝ የነበሩ ሰዎች፣ ጭሱ በማይደርስበት በምስራቅ በኩል፣ ኮረብታ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተወስደዋል። ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። የደመና እናትም እዚያው ናቸው።

ከሬዲዮ ጣቢያ የደወለው ጋዜጠኛ ድምፁ ፈካ ብሎ ነበር። «ብርድ እየመጣ ነው አሉ! እፎይ ልንል ነው ማለት ነው?»

«አይደለም» አለችው። «እባክዎ እንደዚያ ብለው እንዳያወሩት። ቀዝቃዛው አየር ዝናብ አልያዘም። የያዘው ነፋስ ነው። አሁን ከደቡብ የሚነፍሰው በአንድ ጊዜ ከምዕራብ ይነሳል። ያኔ የእሳቱ ጎን በሙሉ አፍ ይሆንና ወደ ምስራቅ ይሄዳል።»

«በስንት ሰዓት?»

«አስር ሰዓት ተኩል ላይ።»

ለእሳት አደጋ ኃላፊውም ይህንኑ ነግራው ነበር። እሱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዎቹን በአውቶቡስ ማውጣት እንደሚጀምር ወስኖ፣ እስከዚያ አውቶቡሶቹን ጨምሮ ያሉትን መኪኖች ሁሉ ሰሜን ላሉት እሳት አጥፊዎች ሰውና ውሃ እንዲያመላልሱ ላካቸው። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እህቷ ደወለች። እህቷ በስተምዕራብ ዘጠና ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው የምትኖረው። ልብስ ባጠበች ቁጥር ትደውላለች።

«አንቺ ደመና! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነፋስ የለም ብለሽኝ አልነበር?»

«እትዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም፤ በኋላ ልደውልልሽ።»

«በኋላ ምን ይሠራልኛል! አንሶላዎቼ ገመዱን ዞረው ጎረቤት አጥር ላይ ተጠምጥመዋል። ወይዘሮዋ ደግሞ የምትወጂያት አይደለችም። እስክትመልስልኝ በር ላይ ቆሜ በብርድ ልሞት ነው።»

ደመና ስክሪኑ ላይ የነበረ እጇ ቆመ። «በምን ልትሞቺ ነው አልሽኝ?»

«በብርድ። ቅድም በላብ ስዋኝ ነበር፤ አሁን ክንዴ ላይ ፀጉሬ ቆሟል።»

በዚያች ከተማ ያለው የነፋስ መለኪያ ከትናንት ጀምሮ መረጃ መላክ አቁሟል፤ ስክሪኑ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ደመና ዓይኗን ጨፈነች። የእህቷን ግቢ ወለል አድርጋ አየችው፤ ገመዱን፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ነጫጩን አንሶላ።

«እትዬ፣ ስሚኝ። አንሶላዎቹ ወደ የት ነው የሄዱት? ወደ ሐይቁ ወይስ ከሐይቁ?»

«ከሐይቁ፣ ወደ ጎዳናው።»

«በሐይቁ ላይ ምን ይታይሻል?»

እህቷ ወደ ሐይቁ ዞር ብላ አየች። ስትመልስ ድምጿ ቀንሶ ነበር። «እንደተጠቀለለ ፍራሽ ያለ ደመና። ከዳር እስከ ዳር። ከሥሩ አቧራ እየጠረገ ይመጣል። ደመናዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«እሱ ነው፤ ቀዝቃዛው ነፋስ» አለች፤ ስልኩንም ዘጋች።

አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ በየቀኑ የመለኪያ ፊኛ ወደ ሰማይ የሚለቅ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። ጋሽ ፊኛ ይሉታል። ሁሉንም ሰምቷል።

«የሐይቅ ነፋስ ሊሆንም ይችላል» አለ ቀስ ብሎ። «በሞቃት ቀን ይነሳል።»

«ይችላል።»

«ከተሳሳትሽ ያን ሁሉ ሽማግሌ በጭስ ውስጥ በከንቱ ማንገላታት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ፍራሽ ነው ያለችው?»

«የተጠቀለለ ፍራሽ።»

«የሐይቅ ነፋስ ፍራሽ የለውም» አለና ስልኩን ወደ እሷ ገፋው።

ኃላፊው ሲያነሳ ከኋላው የሞተር ጩኸት ይሰማል። «አስር ሰዓት ተኩል ነበር ያሉኝ» አላት።

«ተሳስቻለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለዎት። ወደ ደቡብ ያውጧቸው፤ እሳቱ መጀመሪያ ወደበላው ሜዳ። እዚያ የሚቃጠል ነገር አልቀረም።»

«በምን አወቁ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «በእህቴ አንሶላ» አለችው።

ኃላፊው ወደ ጎን ዞሮ «መኪኖቹን መልሷቸው! ሁሉንም!» ሲል ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ደመና ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ሆነች። እጆቿ ማስጠንቀቂያውን ይጽፋሉ፣ ይልካሉ፤ እሷ ግን ከላይ ሆና የምታያቸው ይመስላታል። ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነው።

«አንዲት እናት አልሳፈርም ብለውን ተቸግረናል። የመጨረሻው አውቶቡስ እሳቸውን እየጠበቀ ነው። ‹ልጄ በሬዲዮ አስር ሰዓት ተኩል ብላለች፤ እሷ ካለች አለች ነው፤ ምን ያዋክባችኋል› ይላሉ።»

ደመና ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ስልኩን ይስጧቸው።»

«ሄሎ» አሉ እናቷ፤ ስልክ ላይ ሁልጊዜም እንደሚጮኹት እየጮኹ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ያልኩት ስህተት ነው። አሁኑኑ ውጪ።»

«አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይኼን ለእኔ ቀድሞ መናገር ምን ነበረበት! ለጎረቤቱ ሁሉ ቆዩ እያልኩ ነበር እኮ።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አይዞሽ። ይኸው፣ ወጣሁ።»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ፣ በሳተላይት በተነሳው ምስል፣ ለሦስት ቀን ወደ ሰሜን የተኛው ጭስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቂት ያመነታ መሰለ። ከዚያ ስሙን የጠሩት ሰው እንደሚዞር ቀስ ብሎ ወደ ምስራቅ ዞረ። ደመናና ጋሽ ፊኛ ጎን ለጎን ቆመው አዩት። የመጨረሻው አውቶቡስ ከኮረብታው ከወረደ ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ትምህርት ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቃጥሎ አለቀ። ሰው ግን አልጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ብርዱ በጠራ ሰማይ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ደመና በአውቶቡስ ወደ ተቃጠለው ሜዳ ሄዳ እናቷን አገኘቻቸው። የሰው ካፖርት ደራርበው የድንኳን በር ላይ ቆመዋል። ሜዳው ጥቁር መሆን ሲገባው ነጭ ነው፤ አመዱ ላይ ውርጭ ወድቆበታል።

«ቤቴን ልየው» አሉ።

ተያይዘው ሄዱ። በረገጡ ቁጥር ውርጩ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ይሰበራል። ቤቱ ቆሟል፤ እሳቱ በአጠገቡ ሲያልፍ የበላው በሩን ብቻ ነው። ውስጡ እንደተተወ ነው። አልጋው እንደተነጠፈ፣ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ሹራብ እንደተንጠለጠለ፣ ሁሉም ላይ ስስ ጥላሸት አርፎበት።

እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። «ትንሽ ጋደም ልበል። ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም።»

ከነካፖርታቸው ተጋደሙና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብርዱ መዝጊያ በሌለው በር በኩል ይገባ ነበር። ደመና ወንበሩን አንስታ ወደ በሩ ደፍ ወሰደችና፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ፣ ፊቷን ወደ እናቷ አድርጋ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ትከሻዋን እስክታሞቀው ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።