በሚስቱ ልብ ውስጥ ያለው ሽቦ

ሬዲዮ ጠጋኙ በሠላሳ ዓመት ትዳሩ በማንም ቀንቶ አያውቅም። በሚስቱ ደረት ውስጥ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ከተቀበረ ወዲህ ግን የክሊኒኩን ባለሙያ ዓይን ማየት አስጠላው። ሰውየው እሷን «እህቴ» እያለ እሱን «አባባ» ይለዋል። በዚያ ላይ በየሦስት ወሩ ማንበቢያ ደረቷ ላይ አስጠግቶ ፔስሜከሩ የመዘገበውን የልቧን ምት ያነባል። አንድ ቀን ጭራሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት ልብሽ ፈጥኖ ነበር፣ ምን ተገኘ አላት። እሷም እየሳቀች፣ ስትናፍቃት የከረመችው አብሮ አደጓ እንደደወለችላት ነገረችው። ባል ሆዬ ያን ጠዋት አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ምንም አላወቀም።

ከዚያ ሚስትየውን ያዞራት ጀመር። ከመደርደሪያ ሰሃን ስታወርድ ዓይኗ ይጨልምና ግድግዳ ትደገፋለች። ክሊኒክ ውሰደኝ ብትለው፣ ቀጠሮሽ ገና ነው፣ ሰውየው ናፍቆሽ ከሆነ ንገሪኝ አላት። ወደ ጓዳ ገባች። በሦስተኛው ቀን ልብስ ልታሰጣ ግራ እጇን ስታነሳ ጉልበቷ ከዳት፤ ሮጦ ባይደግፋት መሬት ነበረች። ታክሲ ጠርቶ ይዟት ከነፈ።

ባለሙያው አልጋ ላይ አስተኝቶ ደጋግሞ መረመራት። ከፔስሜከሩ ወደ ልቧ የሚገባው ሽቦ የልቧን ምልክት ደህና ይሰማል አለ፤ ልቧ በራሱ ሲመታ መሣሪያው ዝም ይላል፣ ልቧ ሲዘገይ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። ጉድለት አላገኘም። እሷም ተስፋ ቆርጣ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጥግ ቆሞ ነገሩ ገብቶታል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደህና የሚያወራ፣ ሲያነሱት ግን የሚንኮሻኮሽ ስንት ሬዲዮ በእጁ አልፏል፤ ሁሌም የተጎዳ ሽቦ ነው። ባለሙያው ሳያውቀው ቢቀር ደስ ባለው። የሚስቱ ፊት ግን አመድ መስሏል።

«ግራ እጇን ታንሳ» አለ።

አነሳች። ስክሪኑ ላይ ተራቸውን ጠብቀው ይሄዱ በነበሩት ምቶች መሃል ጥቃቅን ጭረቶች ተግተለተሉ። ባለሙያው ቶሎ ብሎ እጇን አወረደላት። ሽቦው ተሰንጥቆ ኖሮ እጇ በተነሳ ቁጥር የራሱን ጫጫታ ያሰማል፤ መሣሪያው ያንን የልብ ምት ነው ብሎ ዝም ሲል ልቧ ያለ ቀስቃሽ ይቀራል።

«አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ አምልጦኝ ነበር» አለ ባለሙያው።

ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች። «ታዲያ ያን ቀን ስለምንህ ለምን አላመጣኸኝም?»

«ቀንቼ ነው» አለ፣ ባለሙያው እየሰማ።

«አንተ ሞኝ» አለችና እጁን ያዘች።

በማግስቱ ሽቦው ተቀየረላት። ለስድስት ሳምንት ግራ እጇን ከትከሻ በላይ እንዳታነሳ ስለታዘዘች ጸጉሯን የሚያበጥርላት እሱ ሆነ። መጀመሪያ ላይ እየነጨ አስለቀሳት፤ በኋላ እጁ ለዘበ። ባለሙያው ደውሎ እንዴት አደርሽ ሲላት ግን ማበጠሪያው አሁንም ጠበቅ ይላል።