የአዊኖ የልምምድ መዝገብ

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዋ አዊኖ ከኪሱሙ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአንድ የፓርላማ አባል ቢሮ ሦስት ወር ተለማመደች። የሠራችው አንድ ነገር ነው፤ ከጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ እየለቀመች፣ የተከበሩት የፓርላማ አባል ቅዳሜ የትኛው ቀብር ላይ ንግግር እንደሚያደርጉ በሟቹ ዘመድ ብዛት ትመርጥ ነበር። በልምምድ መዝገቧም ይህንኑ ጻፈች። የቢሮው ኃላፊ አቶ ኦጎላ ካልፈረሙላት ደግሞ አትመረቅም።

አቶ ኦጎላ አነበቡና፣ «ምነው ልጄ፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅይኝ ነው?» አሉ። «‹የመራጮች ጥናት› በይው።»

«ሞተዋል እኮ፣ ጌታዬ!»

«እነሱ ቢሞቱ ዘመዶቻቸው ይመርጡ የለ! አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?»

አዊኖ ሰርዛ እንዳሏት ጻፈች። አቶ ኦጎላም ፈረሙ፤ ጥናቱ ጥልቅ ስለነበረ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱበት።