ለመንግሥት ዋስ የሆንኩ ለታ

ለወንድሙ ዋስ ሆኖ የተቆጨ ሞልቷል። ለመንግሥት ዋስ ሆኖ የተቆጨ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም።

በ1976 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣን መንገድ ገረጋንቲ ስናለብስ እኔ የቅየሳ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ጠጠሩ የተገኘው ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ከወይዘሮ ባንቺዓለም ማሳ ሥር ነው። እቅዱን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ዛሬም አላፍርበትም። መጀመሪያ የላይኛው አፈር፣ ያ እህል የሚያበቅለው ክንድ የማይሞላ ጥቁር አፈር፣ ተገፎ ለብቻው ይከመራል። ከዚያ ገረጋንቲው ይወጣል። በመጨረሻ የጉድጓዱ ዳርና ዳር ከብት እንዳይሰብር ይስተካከላል፣ የውሃ መውረጃ ይቀደድለታል፣ የተከመረው አፈርም ተመልሶ ይደለደልበታል። ሰኔ ግም ሲል ወይዘሮዋ መሬታቸውን ያሳርሳሉ።

ወይዘሮ ባንቺዓለም ባል የሞተባቸው፣ ከዚያች ሁለት ጥማድ መሬት ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴት ናቸው። እቅዱን ባነብላቸውም አልጣማቸው። ዶዘሩ ፊት ሄደው ቆሙ።

«አፈሬን እንደምትመልሱልኝ ዋስ ጥራ» አሉኝ።

«እትዬ፣ መንግሥት እኮ ነው! መንግሥት ዋስ የለውም።»

«ታዲያ ዋስ የሌለውን ማን ያምነዋል?»

ነገሩን ሊያዩ የቆሙት የአገሩ ሽማግሌዎች ሳቁ። ሳቃቸው ከነከነኝ። እኔም የሞጣ ልጅ ነኝ፤ በእኛ አገር ዋስነት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለጉዳዩ ቃሉን ሲያጥፍ ዋሱ በእሱ ፋንታ ይቆማል፤ ካልቆመ ስሙ በየለቅሶውና በየሰንበቴው ይነሣል። ይህን እያወቅሁ፣ ጉራ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ «እኔ ዋስ ነኝ!» አልኩ። የደብሩ አለቃ ወልደ ሰንበት ሦስት ጊዜ አስባሉኝ፣ ሦስት ጊዜ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ ባንቺዓለምም ከዶዘሩ ፊት ዞር አሉ።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁሉም በእቅዱ ሄደ። ገረጋንቲው ወጣ፣ ዳርና ዳሩ ተስተካከለ፣ አፈሩን መመለስ ብቻ ቀረ። በግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አፈር ጫኙ ሎደር ሥራ ሊጀምር ሲል፣ አንድ ላንድሮቨር ከች አለ። የወረደው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሰልፍ ሜዳ እንዲያሰናዳ የተላከው ጓድ ማናዬ ነው። ከኋላው ሁለት የታጠቁ ሰዎች ወረዱ።

«ሜዳው ጎድጓዳ ነው» አለኝ። «ይህን ክምር ወስጄ እሞላበታለሁ። አዲስ ከመቆፈር የተከመረ ማንሣት ይቀላል።»

«ጓድ፣ ይህ የማሳው አፈር ነው። ከተወሰደ እዚህ ጠጠር ላይ እህል አይበቅልም። እቅዱም...»

«ለአንዲት ባልቴት ብለህ የአብዮቱን በዓል ታደናቅፋለህ ማለት ነው?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወረቀት አውጥቶ መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋና ብዕር ሰጠኝ። «እንግዲያው ‹አፈሩን አልለቅም› ብለህ ጻፍና ፈርምልኝ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። አንድ የሥራ ባልደረባችን ስብሰባ ላይ በተናገራት አንዲት ቃል ተወስዶ ዓመት ሞልቶታል፤ ስንቅ ልታቀብለው የዞረችው ሚስቱም የት እንዳለ አጥታለች።

ሽማግሌዎቹ መኪናውን አይተው ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከፊት ቆሙ። ሁሉም የሚያዩት እጄን ነበር። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ፤ አንዲት ፊደል ግን አልጻፍኩም። እውነቱን ልናገር፣ ስለ አፈሩ አላሰብኩም። ፈራሁ፣ በቃ።

ወይዘሮ ባንቺዓለም ፊቴን አዩ፣ የታጠቁትን አዩ። ከዚያ ወደ አለቃ ዞሩ።

«አለቃ፣ ይስሙልኝ። ይህን ልጅ ከዋስነቱ አውርጄዋለሁ።»

«ኧረ ባንቺዓለም!» አሉ አለቃ ደንግጠው። «ዋስሽን ካወረድሽ ነገ የምትጠይቂው ሰው የለሽም። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። ለአፈር ብዬ የሰው ልጅ አላስበላም።»

ጓድ ማናዬ ነገሩ አልገባውም። ሰዓቱን አየና «ታዲያስ?» አለኝ።

ብዕሩን መለስኩለት። «ይጫን» አልኩ።

ክምሩ በሁለት ቀን አለቀ። ክረምቱ ሲገባ ማሳው ላይ ሣር እንኳ አልበቀለም፤ ወይዘሮ ባንቺዓለም የጁቤ ከተማ ያለች እህታቸው ዘንድ ተጠጉ። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች «አንተ ምን አጠፋህ? የመሬቱ ባለቤት ራሷ አውርዳሃለች» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አውርደውኛል። የማልነግራቸው ግን አለ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ያን ቃል ተናግረው ከጨረሱ በኋላ፣ ዞር ብለው ትንሽ ጠበቁኝ። በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው «አውርደንሃል» ሲባል «አልወርድም» ይላል። እሳቸውም ያን ይጠብቁ ነበር።

እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።