በልቅሶ ቤት የተቆረጠ ማር

«ሸዋዬ፣ ማሩ ደርሷል፤ ዛሬ ካልተቆረጠ ንቦቹ ጥለው ይሄዳሉ» አሉ ጋሽ ደረሰ፣ ድንኳኑ ጥግ ጎንበስ ብለው።

ሸዋዬ ቀና ብላ አየቻቸው። ዛሬ የባሏ የበላይነህ ሣልስት ነው። ለቀስተኛው ንፍሮ ይቆረጥማል፤ እኚህ ጎረቤት ግን ከቀብር መልስ ጀምሮ ዓይናቸውን ከጓሮው ቀፎዎች ነቅለው አያውቁም።

የአክስቷ ልጅ ብርቅዬ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ለልቅሶ ነው ለማር የመጡት? ባልሽን ማን የጠቆመው ይመስልሻል?»

ሸዋዬም ይህንኑ ስታብሰለስል ነበር የሰነበተችው። በአሰሳው ሰሞን አብዮት ጠባቂዎች በላይነህን ከመሥሪያ ቤቱ ወስደው፣ «ሽጉጡን አምጣ!» እያሉ ቀበሌ አሰሩት። ቤቱን በረበሩት፤ ንቡን ግን ፈርተው አልተጠጉትም። ሲለቁት ውስጥ እግሩ ተተልትሎ፣ ደም ያስለው ነበር። ብትጠይቀው፣ «የማላውቀውን ነው የጠየቁኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በላይነህ እኮ ምስጢር ሆዱ አያድርም ነበር፤ ለበዓል ቀሚስ ቢገዛላት ገና ከአጥሩ በር «ገዛሁልሽ!» እያለ ነው የሚገባው።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ደረሰ ኩበት አጨሱ። ሸዋዬ ሳፋ ይዛ ተከተለቻቸው፤ ለማሩ ሳይሆን ምን እንደሚነኩ ለማየት። ሁለቱን ቀፎዎች አልፈው ሦስተኛውን ከፈቱ።

«እነዚያስ?»

ጋሽ ደረሰ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ንቦቹ ሰም አልብሰውታል። ቅርጹ የሽጉጥ ነው።

«ምን ብለው ነው እዚህ ያስቀመጡት?»

«የልጄ የታምሩ ነው» አሉ። «ልጁ ሲሸሽ በላይነህ ተቀብሎ ደበቀለት። ከእስር ሲወጣ ልጠይቀው ስመጣ ነው የነገረኝ። የታምሩን ስም ቢጠራ ይተርፍ ነበር። አንቺ ቤት እንዳይገኝብሽ ብዬ ነው የምንቆራጠጠው።»

«ለእኔ ሳይነግረኝ?»

«ሳታውቂ ቢይዙሽ ይሻላል ብሎ ነዋ።»

ልትጮህባቸው አፏን ስትከፍት አብዮት ጠባቂው አምሳሉ ከድንኳኑ ጀርባ ብቅ አለ። «እናንተ! ምንድን ነው እሱ?»

ሸዋዬ ጥቅሉን ነጥቃ ሳፋው ውስጥ ጣለችው፤ የማር እንጀራ ገምሳ ከላዩ ደፋችበት። «ማር እየቆረጥን ነው። ና ቅመስ!»

ንቦቹ ተመሙ። አምሳሉ ፊቱን በክንዱ ከልሎ እየተሳደበ ተመለሰ።

ጋሽ ደረሰ ሳፋውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። «ሐይቁ ይዋጠው» አሉና በጓሮ በር ወጡ።

ሸዋዬ የቀፎውን አፍ ስትከድን አንዲት ንብ መዳፏን ነደፈቻት። እሾሁን አልነቀለችውም። መዳፏን ጨብጣ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች።