ችግር ነው ያስወጣው

ገዲሴ ባሏ የት እንደሄደ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «ችግር ነው ያስወጣው። ሥራ ፍለጋ ነው የሄደው።» ለመካኒሳ ጎረቤት እንዲያ አለች፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ሙሉሰውም እንዲያው። ቃሉን ሲለያዩ ከፈየራ ጋር ተማክረው የያዙት ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። ፈየራ የጎረቤት ልጆችን ለብሔራዊ ውትድርና አልጠቁምም ብሎ ሰባት ሳምንት ታስሮ ተገረፈ፤ ተፈትቶ ሳይውል ሳያድር ሁለተኛ መጥሪያ ሲመጣበት በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ። መጥሪያውን ገዲሴ ከጤፍ ጎታው ሥር ደብቃዋለች።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አረጋሽ የምትባል የማታውቃት ሴት የሞያሌ ሸቀጥ አዝላ ደጇ ቆመች።

«ፈየራ ነው የላከኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ናይሮቢ የስደተኛ ቢሮ ለምን ወጣህ ቢሉት፣ ‹ችግር ነው ያስወጣኝ› አላቸው። አስተርጓሚው ረሃብ ብሎ ተረጎመው። ለተራበ ሰው ጥገኝነት አንሰጥም ብለው መለሱት። አሁን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩለት ቀጥረውታል። መጥሪያውን ስጪኝ፣ ዛሬውኑ መንገደኛ ነኝ።»

«የምን መጥሪያ?» አለች ገዲሴ። «እሱ ለመላኩስ ምን ምልክት አለሽ?»

«የላይ ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም።»

ምልክት ብሎ ዝም! እስር ቤት ጥርሱን ያወለቁትስ ይህን መቼ አጡት? መጥሪያውን አውጥታ ብትሰጥ፣ ባሏ ከድቶ መውጣቱን አውቃ ዝም ማለቷን በገዛ እጇ ፈረመች ማለት ነው። ደግሞ ይህ ጥድፊያ! ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

«እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም እቴ» አለች አረጋሽ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው ብሎኛል።»

ይህን ስትሰማ ገዲሴ ዘዴ መጣላት። ጓዳ ገብታ ለነፃ ሕክምና ከቀበሌ የተጻፈላትን ወረቀት ይዛ ወጣች። «ባለቤታቸው ፈየራ በንቲ በችግር ምክንያት ሥራ ፍለጋ ስለወጡ፣ ወይዘሮ ገዲሴ ችግረኛ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል፤ ማኅተሙም ክብ ነው። ሴትዮዋ ሰላይ ከሆነች ቀበሌው የራሱን ወረቀት መልሶ ያነበዋል። እውነተኛ ከሆነች ደግሞ ፈየራ ወረቀቱ ሌላ መሆኑን አይቶ መልሶ ይልካታል፤ ያኔ መጥሪያውን እሰጣታለሁ አለች በልቧ። አረጋሽ ወረቀቱን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ ሄደች። ገዲሴ በብልጠቷ ኮራች።

ሁለት ወር ሙሉ ከቀበሌ ደጇን የረገጠ አልነበረም። ቀን በቀን እየቆጠረች ልቧ ይሸበር ጀመር። ያልመጡት ለምንድን ነው? ሴትዮዋ የእውነት የሱ መልእክተኛ ብትሆንስ?

አረጋሽ መጣች። ሸቀጧን ሳታወርድ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

«ናይሮቢ የደረስኩት በቀጠሮው ጠዋት ነው» አለች። «እሱ ሳያየው የቢሮው ሰዎች ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አስገቡት።»

«ምን አሉ?»

«ማኅተሙን አይተው ወዲያው አመኑ። አንተ ችግረኛ እንጂ ስደተኛ አይደለህም፣ ወደ አገርህ ግባ አሉት።» አረጋሽ አንገቷን ደፋች። «እሱ ግን አንቺን አይጠረጥርም። ገዲሴ እንዲህ አታደርግም፣ እጇን ጠምዝዘው ነው ያን ወረቀት ያሰጧት እያለ ያለቅሳል።»

ገዲሴ ተንበርክካ ከጎታው ሥር መጥሪያውን አወጣች። እንደታጠፈ ነበር።

«ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም» አለች።